በሱት-ዪ ጆሮ ልክ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። በእኔና በእህቴ ላይ የሆነ።

ማመን የሚከብደው ካለ አልቀየመውም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ «ይሄ ልጅ እንቅልፍ አጥቷል» ብዬ አልፈው ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሆንግ ኮንግ፣ ሻም ሹይ ፖ ሰፈር፣ ያረጀ ሕንጻ፣ ዘጠነኛ ፎቅ።

ያን ቀን አውሎ ነፋስ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲገባ የሚያዘው ስምንት ቁጥር ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። ጀልባው፣ አውቶቡሱ፣ ሱቁ፣ ሁሉም ቆሟል። ሁልጊዜ ሰው ከሰው የሚጋፋበት የእኛ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ነፋሱ የሚያንከባልለው የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለት ነን። እኔና ታላቅ እህቴ ሱት-ዪ።

ስለ ሱት-ዪ ጆሮ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና።

ከብርዱ ወራት ጀምሮ ግራ ጆሮዋ እየደከመ መጣ። በግራዋ በኩል ሆኜ ስጠራት ዝም ትለኝ ጀመር። ያኮረፈችኝ መስሎኝ ምን አጠፋሁ እያልኩ ሰነበትኩ። በኋላ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት። ግራው አይመለስም። ቀኙም ቀስ እያለ ይከተለዋል።

ሱት-ዪ አላለቀሰችም። ከሐኪም ቤት ስንወጣ «እንግዲያው ሳይዘጋ በደንብ ልስማበት» አለችኝ።

እንዲህ ናት። በኢርፎን ፍቅር እኔን የለከፈችኝም እሷ ነች። ጓደኞቻችን ሽቦ አልባውን ጆሯቸው ላይ ጣል አድርገው ሲሄዱ እኛ የተጠላለፈ ገመድ ስንፈታ እንውላለን። «እናንተስ ከነገመዳችሁ ነው የምትቀበሩት» እያሉ ይስቁብናል።

ይሳቁ። ደህና ኢርፎን ከሚስማማው የሙዚቃ ማጫወቻ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚሆን የሰማ ብቻ ነው የሚያውቀው። ባልና ሚስት ማለት ናቸው። ለየብቻ ሲያዩአቸው ወርቅ ሆነው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚነታረኩ አሉ። ሲስማሙ ግን... ዘፋኟ ቃል ከማውጣቷ በፊት ከንፈሯ ሲላቀቅ ትሰማላችሁ።

እህቴ ያንን እንድትሰማ ፈለግኩ። ቀኙም ሳይሄድ። ስለዚህ በጆሮዋ ልክ ላሠራላት ወሰንኩ። ግራው ባይሰማም፣ ጎዶሎ እንዳይመስላት የሁለቱንም።

ክዉን ቶንግ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ ፋብሪካ በነበረ ሕንጻ ላይ፣ አጎቴ ሹን የሚሠሩበት ክፍል አለ። ዘመዴ አይደሉም፤ ይህን ሙያ የሚወድ ሰው ሁሉ አጎቴ ነው የሚላቸው። ሊጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር ጆሮ ውስጥ ይሞላሉ። ጠጠር ሲል ያወጡታል። የጆሮው ውስጥ ጎድጓዳው፣ እጥፋቱ፣ ሁሉም ታትሞበት ይወጣል። ኢርፎኑ የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ቢሞክሩት ወይ ያማል ወይ ይወድቃል።

«አፍሽን ትንሽ ከፈት አድርጊ። እንዳትስቂ ደግሞ» አሏት።

«ይሄ ጉድ አጠገቤ ቆሞ?» አለች ወደ እኔ እያየች።

«አንተ፣ ውጣልን!» አሉኝ አጎቴ ሹን።

«ዝም እላለሁ አጎቴ» አልኩ። ዝም ግን አላልኩም። ሊጡን ሲሞሉላት «እትዬ፣ ትርፍ ካለ ሥጋ ጠቅልለን ዱምፕሊንግ እንሠራበታለን» አልኳት።

ሳቀች። መንጋጋ ሲነቃነቅ ደግሞ ልኩ ይበላሻል። የግራው ተበላሸ።

አጎቴ ሹን እየተነጫነጩ የግራውን ልክ እንደገና ወሰዱ። ጠረጴዛቸው ላይ የብዙ ሰው ጆሮ ተደርድሯል። ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ... የእሷንም እዚያው መሃል ጣል አደረጉት።

የተሠራው ኢርፎን እጃችን የገባው በአውሎ ነፋሱ ዋዜማ ነው።

በማግስቱ ምሳችንን በላን፤ እንቁላል የተጠበሰበት ኑድል። ሱት-ዪ እጇን ታጥባ፣ ጆሮዋን ጠራርጋ፣ እንደ ሙሽራ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኔ ካሉን ማጫወቻዎች ድምፁ ጥርት ያለውን መረጥኩላት። ቀኝ ጆሮዋ ቀጫጭኑን ድምፅ መሳት ጀምሮ ስለነበር ሞቅ ያለው አይሆናትም።

ኢርፎኑን እንደ ቁልፍ ጠምዘዝ አድርጋ አስገባችው። ቀኙ ገባ። ግራው... ልክክ አለ።

የምትወደውን ዘፈን ከፈትኩላት።

ዓይኗን ጨፈነች። ቆየችና ገለጠችው።

«ሎክ...» ብላ ጠራችኝ።

«ምነው እትዬ?»

«በግራው እሰማለሁ።»

ሳቅኩ። «ንዝረቱ ነው። በአጥንት እየዞረ ወደ ቀኙ ይሄድብሻል።»

«አይደለም እኮ ነው የምልህ!»

ተምሬያለሁ ባይ ነኝና መፈተን ፈለግኩ። የቀኙን አስወጥቼ ቀኝ ጆሮዋን በመዳፌ ደፈንኩት። ግራው ብቻ ቀረ። ድምፁን ዝቅ አደረግኩት። የበለጠ ዝቅ።

«አሁን ከበሮው ቆመ» አለች። «አሁን ሴትየዋ ገባች... ትንፋሽ ወሰደች...»

የቀኙን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ እሰማ ነበር፤ ሁሉም ልክ ነበር።

ሐኪም ቤት ያላለቀሰችው ሱት-ዪ ያኔ አለቀሰች። እኔም አብሬያት።

ዘፈኑ አለቀ። ማጫወቻውን አጠፋሁት።

እህቴ ግን ማዳመጧን አልተወችም።

«ቀጣዩ ደግሞ ምንድን ነው? ዝናብ አለበት» አለች።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«ዝናብ ይሰማኛል።»

«እየዘነበ ነዋ! መስኮቱን አታይም?»

«እንደዚህ አይደለም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይሄ... ጃንጥላ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።»

የገመዱን ጫፍ ከማጫወቻው ነቀልኩት። ባዶውን ጫፍ ዓይኗ ሥር አምጥቼ አሳየኋት። አሁን ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ዝም እንድል ጣቷን አነሳች።

«ጃንጥላውን አጠፈችው...»

«ማን?»

«ሴት ናት። ጫማዋ ይሰማኛል። እርጥብ ነው።» ቆየችና «አሁን ደወል...» አለች።

«የምን ደወል?»

«የአሳንሰራችን።»

አሳንሰራችን በአውሎ ነፋሱ ምክንያት ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ዘበኛው በሩ ላይ ወንበር ገትሮበታል።

«እትዬ፣ አውጪው።»

«ቆይ... ትንፋሽ አለ።»

ይህን ስትል ትንሽ ቀለለኝ። «የራስሽ ነው» አልኳት። «ጆሮ ጥብቅ ብሎ ሲደፈን የራስ ትንፋሽ ነው የሚሰማው። ለሁላችንም እንደዛ ነው። እስኪ ትንፋሽሽን ያዢ።»

ያዘች።

ፊቷን አየዋለሁ። ጉንጯ ቀላ። ዓይኗ ፈጠጠ...

ለቀቀችው።

«አላቆመም» አለችኝ በሹክሹክታ።

መስኮቱን ነፋሱ ያንቀጠቅጠዋል።

«አሁን ሰው ያወራል» አለች። «ከግድግዳ ኋላ እንደሆነ ሰው... ታፍኗል። ወንድ ነው።»

«ምን ይላል?»

ከንፈሬን ነው የምታየው።

«"ምን ይላል?" ይላል» አለች።

...

«ሎክ፣ አንተ ነህ። ከበሩ ውጪ ሆኜ ነው የምሰማህ።»

ተነሳሁ። በሩ ላይ ደርሼ ዓይኔን ማያ ቀዳዳው ላይ አደረግኩ። የኮሪደሩ መብራት በርቷል። የጎረቤት ጫማ መደርደሪያ። የተዘጋ በር። ሌላ ምንም።

«ማንም የለም» አልኩ።

እህቴ ሶፋው ላይ ሆና ጆሮዋን ያዘች። «አትጩህ! አሁን አጠገቧ ሆነህ ነው የተናገርከው።»

ወደ ታች አየሁ። በበሩ ሥር ውሃ እየገባ ነበር። ቀጭን መስመር ሠርቶ... ቀስ እያለ እግሬ ጋ መጣ።

ወደ እህቴ ሮጥኩ። ኢርፎኑን ልነቅልላት እጄን ስሰድ አንጓዬን ያዘችኝ። እንደዚያ ጠንክራ ይዛኝ አታውቅም።

«ተው!»

«የምትሰሚው የሌላ ሰው ነው እትዬ!»

«ቢሆንስ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንተ በሁለት ጆሮህ ትሰማለህ። ቀኙም ሲሄድ ምን ይቀረኛል? ንገረኝ... ምን ይቀረኛል?»

እጄን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ።

ድንገት ፊቷ ረጋ። ሰው ሲያናግራት እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ጠየቀችኝ» አለች።

«ምን ብላ?»

አልነገረችኝም። እስከ ዛሬም አልነገረችኝም።

«እሺ» አለች። ለእኔ አልነበረም።

ተነሳች። ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን የቀኙን ኢርፎን በጣቷ ያዘች። ወደ በሩ ሄደች። ሰንሰለቱን ሳትፈታ በሩን ከፈት አደረገችና የቀኙን በስንጥቁ ወደ ውጪ አሳለፈችው።

ገመዱ ተወጠረ።

ነፋስ ነው ልል ፈልጌ ነበር። ነፋስ ግን ስቦ አይጠብቅም። ይህ ሳበ... ጠበቀ... እንደገና ቀስ አድርጎ ሳበ።

ጠቅ!

የእኛ ኢርፎኖች ገመድ ከኢርፎኑ ይነቀላል፤ ሲያረጅ ለመለወጥ። ተመልሶ የመጣው ገመድ በቀኝ በኩል ባዶውን ነበር። ኢርፎኑ የሚሰካባቸው ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ብቻ።

ሱት-ዪ በሩን ዘጋች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ሄደች» አለች።

ነፋሱ ጋብ ሲል ደረጃውን እስከ ምድር ቤት ወረድኩት። የወደቀ ኢርፎን አላገኘሁም። አሳንሰሩ እንደቆመ ነው። የዘበኛው ወንበርም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለአጎቴ ሹን ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ አልነገርኳቸውም። የግራው ኢርፎን በእርግጥ የእህቴ መሆኑን እንዲያዩልኝ ብቻ ጠየቅኳቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሲያገላብጡ ይሰማኛል። ከዚያ ማገላበጡ ቆመ።

«አጎቴ?»

«አንተ ልጅ... የእህትህ ልክ እዚህ አለ። አልነካሁትም።»

«ታዲያ የሠሩት የማንን ነው?»

«ተሳስቼ ነው። አጠገቡ ከነበረው ጋር ተቀይሮብኝ። የአንዲት ሴትዮ ነው፤ አዝዛኝ ሳትመለስ የቀረች። ያዘዘችውም ግራውን ብቻ ነው።»

«ለምን ግራውን ብቻ?»

«እኔም ጠየቅኳት። ቀኙን ገና አላገኘሁም አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ሐኪሙ የሱት-ዪን ግራ ጆሮ ሲመረምር መሣሪያው የተበላሸ መስሎት በሌላ ለወጠው። ጆሮዋ ያለ ኢርፎኑ፣ ያለ ምንም፣ የልጅ ጆሮ ሆኗል። እንዴት እንደሆነ አያውቅም፤ ደስ ብሎት ግን እጇን ጨበጣት።

ቀኙ በዚያው ሳምንት ፈጽሞ ጠፋ። እርግጥ ነው፣ ይህንን አስቀድሞም ብሎናል። ቶሎ ሆነ እንጂ ያልጠበቅነው አይደለም። ሚዛናዊ ልሁን ብዬ ይህንንም እጽፋለሁ።

እህቴ ደስተኛ ናት። ባንዱ ኢርፎን ብቻ ታዳምጣለች። ሌላ ቀኝ ላሠራልሽ ስላት «አንድ ይበቃኛል፤ ያንተን ለቅሶ ለመስማት ሁለት አያስፈልገኝም» ብላ ታሾፍብኛለች። ሥራዋን ትሠራለች፤ ስልክ ታነሳለች፤ ትስቃለች።

እኔ ግን አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሸለብ አደረጋት። ግራ ጆሮዋ ትራሱ ውስጥ ገብቷል። ቀኙ ወደ ላይ ነው። ውጪ ፀሐይ ነበር፤ ከታች መንገድ የሻጮች ጩኸት ይሰማል። ምናልባት በቀኙ የቀረ ነገር ካለ ብዬ... ጎንበስ አልኩ። አፌን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አስጠጋሁ።

በሹክሹክታ፣ እኔ ራሴ እንኳ በቅጡ በማልሰማው ድምፅ፣ ጠራኋት።

«እትዬ...»

እህቴ አልተነቃነቀችም።

ከበሩ ውጪ ግን...

«አቤት ሎክ» አለችኝ አንዲት ሴት።