አጥሩን ለማን አጠረው?

ሽታዬ የኮፒ ቤቱን በር ገፍታ ገባችና ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ ጣለችው።

«ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ያለችውን አንብባት!»

ተያቢው ወገኔ ማንበብ አላስፈለገውም። «‹ሰውየው ብቻውን ከሆነ አጥሩን ለማን አጠረው?› ትላለች።»

«እኔ ነኝ የጻፍኳት?»

«እኔ ነኝ። ስተይብ አላስችል አለኝ።»

«ተይብ አልኩህ እንጂ ጨምርበት አልኩህ?»

«እሺ፣ አጠፋታለሁ። መጀመሪያ ግን መልሽልኝ።»

ወረቀቱን መልሳ ነጠቀችው። ያናደዳት ጥያቄው ልክ መሆኑ ነበር።

ልትመረቅ ሁለት ወር ቀርቷታል። የመመረቂያ ጽሑፏ መርከባቸው ተሰብሮ ሰው አልባ ደሴት ላይ ስለሚቀሩ ሰዎች የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ይመረምራል። በጥንቶቹ ውስጥ ሰውየው ብቻውን ቤት ይሠራል፣ ያርሳል፣ ያጥራል፤ የተፈጥሮ ጌታ ነው። ከታላላቆቹ ጦርነቶች በኋላ በተጻፉት ግን ደሴቱ ላይ የቀሩት እርስ በርስ ይበላላሉ። የቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ ደሴቱ ቀድሞም ባዶ አልነበረም ይላሉ። ሽታዬ ያመነችው መካከለኞቹን ነው፤ ሰው ሲጨንቀው አውሬ ነው ብላ ደምድማለች።

«እነዚያ ጸሐፊዎች ወንፈል አያውቁም» አላት ወገኔ ሌላ ቀን። እናቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥርባ በሚባል ቦታ ድንች ያመርታሉ። ዛሬ ጎረቤት የእሳቸውን ይኮተኩታል፣ ነገ እሳቸው የጎረቤትን።

«አንድ ዶርም ውስጥ ከሰባት ሰው ጋር ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሰውን አትንገረኝ።»

ሳቀ። ሲስቅ እሷን ሳይሆን ስክሪኑን ያያል። ይህን ማስተዋሏ ራሱ አበሳጫት።

«ስመረቅ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከዚህ ከቆሰበር እወጣለሁ» ያለችው ዕለት ግን አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ የሌለ ስህተት ሲፈልግ ቆየ።

ያቺን ጥያቄ ላስጠፋ እያለች አራት ጊዜ መጣች። አራት ጊዜም ሌላ ነገር አሳርማ ተመለሰች።

ጽሑፉ የሚገባበት ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጽሑፉን የሚቀበለው የትምህርት ክፍሉ ቢሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያላስገባ አይመረቅም። ኮፒ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ተማሪዎች ፍላሻቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ሙሐመድሰዒድ ጄኔሬተሩን ከወገኔ ጋር ተሸክሞ አመጣ።

«ያለችኝ ቤንዚን ለአንድ ሰዓት ብትበቃ ነው» አለ።

ሽታዬ ሰዎቹን አልፋ ፍላሿን ዘረጋች። «የእኔ ይቅደም።»

ከሰልፉ ፊት የነበረችው ተማሪ ሃጀር ፈቀቅ አለችላት።

ወገኔ ቀና አለ። ይህን ጊዜ ስክሪኑን አላየም። «ስንተኛ ነሽ?»

«ዘጠነኛ።»

«ታዲያ?»

ፊቷ ጋለ። በስንት መጽሐፍ ውስጥ ስትፈልገው የከረመችው አውሬ እሷ ነበረች። እጇን ሰበሰበች።

«እንግዲያው ገጾቹን እኔ ልደርድር» አለች።

ደረደረች። የሰው ወረቀት በሷ እጅ እያለፈ ተጠረዘ። የጨረሱት ግን አልሄዱም፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ጃኬቱን ዘርግቶ ወረቀቱን ከሚያፈስሰው ጣሪያ ይከላከላል። ስምንተኛው እንዳለቀ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አለና ቆመ።

አሥር ሰዓት ሆኗል። ሽታዬ ፍላሿን ኪሷ ከተተችው።

ሃጀር ሮጣ ወደ ዝናቡ ወጣች። ስትመለስ ባለባጃጅ አስከትላ ነበር፤ ከታንከሩ የቀዳውን ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ይዟል።

«እኔ ልቀድምሽ ነበር እኮ» አለቻት ሽታዬ።

«አይቻለሁ» አለች ሃጀር። «ይልቅ ቶሎ በይ!»

አሥራ አንዱም በጊዜ አስገቡ።

ከሳምንት በኋላ አማካሪዋ ዶክተር ብሥራት መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ያለችው ጥያቄ የጽሑፍሽ ምርጧ ናት። ምንጯስ?»

ሽታዬ በቀጥታ ወደ ኮፒ ቤቱ ሄደች።

«ሙሉ ስምህን ንገረኝ።»

«ወገኔ አድማሴ። ልትከስሺኝ ነው?»

«ምንጭ ልጠቅስ ነው።»

ጻፈች። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ፤ አልተንቀሳቀሱም።

«ሚኒባሱስ?» አላት።

«ያን ቀን ስንት ሰዓት ቆመህልኛል?»

«ሦስት ሰዓት። ምነው?»

«ወንፈል ይመለሳል አይደል? የእናትህ ድንች መቼ ነው የሚኮተኮተው?»

ፊቱን ከስክሪኑ መለሰ። «ቅዳሜ። ግን እማዬ ሦስት ሰዓት ሠርቶ የሚሄድ ሰው አትወድም።»

«ማን ይሄዳል አለህ?»