የዳልጮ አውራ ጣት

መጋቢት 2006 ዓ.ም. ማለዳ፣ ጫኖ ባለ የውጭ ኩባንያ የሙዝ እርሻ፣ መርዝ ረጪው ዳልጮ ማከማቻው ደጃፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። የአፉ አረፋ ደርቆ ዝንብ ወሮታል። ኢንስፔክተር ወርቂቱ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፍና ጎንበስ አለች። በቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የማኅተም ቀለም አለ፤ ሸሚዙም ላይ ያው ቀለም ተጠርጓል።

ስለ ሠራተኞች ደኅንነት ሪፖርት የሚጽፈው የኩባንያው የዘላቂነት ኃላፊ ሲላስ መዝገብ ይዞ መጣ። ሽቶው ከመርዙ ሽታ ጋር ተቀላቀለ።

«ጭምብልና ጓንት ጥር ላይ ተረክቧል፤ ይኸው አሻራው። ሳያደርግ ረጨ፣ ሞተ። ነገ ከውጭ የደኅንነት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ቶሎ ቢነሳልን...»

የዳልጮ ሚስት ጌጤ ጮኸች። «ውሸት ነው እህቴ! አፉን በአሮጌ ጨርቅ ነበር የሚያስረው። ልጆቼን ‹አባታችሁ በራሱ ጥፋት ሞተ› ልበላቸው?»

የመዝገቡን ቁም ሣጥን የሚከፍቱት ሦስት ናቸው፦ ሲላስ፣ የማከማቻው ሠራተኛ ፈቃደና ደመወዝ ከፋይዋ ቤቲ። ወርቂቱ ፈቃደንና ቤቲን ለየብቻ ጠየቀች።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት መርጫውን መልሶ ፈረመልኝ» አለ ፈቃደ። «አመመኝ ብሎ እዚሁ ደጃፉ ጥላ ሥር ቀረ።»

«በጣቱ ፈረመ?»

«ኧረ በብስክሪብቶ! መስከረም ላይ የጎልማሶች ትምህርት ከገባ ወዲህ ስሙን ሲጽፍ ሰው በወረፋ ያስቆማል።»

ቤቲም እንባዋን ጠረገች። «ደመወዝ ሲወስድ ቀለሙን ባቀርብለት ‹አንቺ ልጅ፣ ይህን ለከብት አድርጊው› ብሎኛል።»

ወርቂቱ ሁሉንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ «ሠራተኛችን ሀብታችን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

«ጥር ላይ ዳልጮ በጣቱ መፈረም ከተወ ቆይቶ ነበር። ቀለሙም ገና ጣቱ ላይ ነው፤ የታተመው ትናንት ማታ ነው። ያሳተመው ሰው፣ ዳልጮ መጻፍ መቻሉን አያውቅም። ፈቃደ በየቀኑ፣ ቤቲ በየወሩ ሲፈርም ያያሉ። ሪፖርት እንጂ ሠራተኛ አይቶ የማያውቀው አንተ ነህ፣ ሲላስ።»

ሲላስ እጁን በሶፍት እየጠረገ ፈገግ አለ። «እሺ፣ ሞቶ አገኘሁት። ሬሳ ማሳተም ነውር ነው፤ ግድያ ግን አይደለም።»

«ሬሳ ጣቱን በሸሚዙ አይጠርግም።»

ሶፍቱ ከእጁ ወደቀ።

«በሕይወት ነበር» አለች ወርቂቱ። «መኪናህ በር ላይ ቆማለች፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ሆስፒታል ከገባ ግን መመረዙ ይመዘገባል፣ ገምጋሚዎቹም ይሰማሉ። ስለዚህ ጣቱን ይዘህ አሳተምክ፤ ከዚያ እስኪሞት ተውከው።»

ፖሊሶች ሲላስን ይዘውት ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ጌጤ ወደ ፈቃደ ዞረች።

«የትናንት ፊርማውን አሳየኝ።»

ፈቃደ የመርጫውን መዝገብ ገለጠላት። ሲያመው ስለነበር ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ የመጨረሻው ከመስመር ወርዷል። ጌጤ ማንበብ አትችልም። ጣቷን ሳታስነካ በላዩ አሳለፈችው።

«ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ለልጆቼ እነግራለሁ» አለች። «ይህንንም መጥተው ያነቡልኛል።»