የኤደን ወደብ ሥዕል

መርማሪ ፋና ባተርሲ ሰፈር፣ ወንዝ ዳር ካለው ፎቅ ስትደርስ አቶ ኃይለመለኮት ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ዘርግተው አገኘቻቸው። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ። ሐኪሙ ልባቸው መቆሙን ተናግሯል። ፋናን ያስጠራት ግን መድኃኒታቸው ነው። ከምላስ ሥር የሚረጩትና ሁልጊዜ በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የልብ መድኃኒት ከነክሩ መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል።

«አባባ ለሻወር እንኳን አያወልቀውም» አለች ሬሳውን ያገኘችው ልጃቸው ፀሎት። ዋይት ሲቲ ከምትሠራበት ሱቅ ሺፍቷን ጨርሳ መምጣቷ ነበር።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያናገርሽው?»

«በብሬክ ሰዓቴ ደወልኩለት። ጓደኛው ሳሚር መጥቶ ነበር፤ እሱ አሁን ወጣ፣ እኔም ወደቡን ልስል ወረቀት ማውጣቴ ነው አለኝ። ኦኬ፣ ስትጨርስ አሳየኝ አልኩት።»

ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለት ተራሮች ባሕሩን ከግራና ከቀኝ አቅፈውታል፤ በመካከላቸው ማዕበል የማይነካው ውኃ ተኝቷል። ኤደን የደቡብ የመን ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የከተማዋ እህልና ነዳጅ የሚገባው በዚህ ተፈጥሮ በሠራችው ወደብ ነበር። አቶ ኃይለመለኮትም ትልልቅ መርከቦችን እየጎተተች የምታስገባ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ። በሥዕሉ ላይ ጀልባዋ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች። ወደቡ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻዋን ቆማለች።

ፋና ሥዕሉን በፖስታ ከትታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ እታለማሁ የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ሃክኒ ቸርች እንደዋሉ ተናገሩ። አላለቀሱም።

በማግስቱ ሳሚርን ሃክኒ ቅመም ከሚሸጥበት ሱቁ አገኘችው። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ የኤደን ሰው ናቸው፤ በዚያች ጀልባ ላይ ከሟቹ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አልተጣላንም። ዛሬ ለእታለማሁ ንገራት፣ ሳትነግራት እንዳትሞት አልኩት። እሺ አለኝ። ምኑን እንደሆነ ግን ከእኔ መስማት የለብሽም።»

ፋና ወደ ባተርሲ ተመለሰች።

«እትዬ እታለማሁ፣ ባለቤትዎ የኤደንን ወደብ ስለው ነበር።»

«እኔ አላየሁትም።» ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጨበጡ። «ደግሞስ ውብነሽን እዚያ ማቆም ምን ይሉታል!»

«ውብነሽ ማናት?»

«የመጀመሪያ ልጄ። ስድስት ዓመቷ ነበር። ኤደን ውስጥ ጦርነቱ የተነሳ ጊዜ እኔ እናቴን ላስታምም አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ቤታችን በመድፍ ሲመታ ከሞግዚቷ ጋር ሞተች። እሱ ነው የነገረኝ።»

ፋና ሌላ አልጠየቀችም። ከቀብሩ ማግስት ግን ሦስቱንም በዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ሳሚር ሲወጡ ሥዕሉ አልተጀመረም» አለች። «ፀሎት በስልክ የሰማችው ይህንን ነው። ፀሎት እስክትመጣ ደግሞ ሥራ ላይ ነበረች፤ ቼክ አድርገናል። ከመጣሁ በኋላ ሥዕሉ ከቦርሳዬ አልወጣም። እኔም የወደብ ሥዕል ከማለት በቀር ስለ ልጅ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ፀሎትም ሥዕሉን ለማንም እንዳላነሳች ነግራኛለች። እትዬ እታለማሁ ግን ውብነሽ እዚያ ቆማ እንደተሳለች ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከጋሽ ሳሚር በኋላ፣ ከእኔ በፊት፣ እዚህ ቤት ገብተዋል። ቸርቹንም ጠይቄያለሁ፤ አገልግሎቱ ሳይጋመስ ወጥተዋል።»

«ማሚ?» አለች ፀሎት።

«ራሴን አሞኝ ነው በጊዜ የመጣሁት» አሉ እታለማሁ። «ሥዕሉን አሳየኝ። ይቺ ማናት ስለው ነገረኝ። ቤት ውስጥ አልሞተችም አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ዋሸኝ! ከዚያ ደረቱን ያዘ። መድኃኒቱን ልሰጠው ክሩን ከአንገቱ አወጣሁ። እጁን ሲዘረጋ ግን፣ መጀመሪያ ንገረኝ አልኩት። ትታችኋት ስትሄዱ ልጄ ምን አደረገች? ምን አለች? አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። እኔ መልሱን ነበር የምጠብቀው። ሲወድቅ... መደርደሪያው ላይ አስቀምጬው ወጣሁ።»

ፀሎት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፋና ይህንን ሁሉ ባታውቀው ብላ ተመኘች።

«ከጦርነቱ የሚሸሽ ስድሳ ሰው ጭነን ነበር» አለ ሳሚር ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ገመዱን ከፈታን በኋላ ሞግዚቷ ልጅቷን ይዛ እየሮጠች መጣች። ሞግዚቷ ተመታች። ኃይለመለኮት መሪውን ሊያዞር ሲል ከኋላችን ያለው ጀልባ ጋየ። ስድሳውን ይዞ ወጣ። አውርዶን ብቻውን ተመለሰ፤ ወደቡ ነዶ ተዘግቶ ነበር።»

«አንተ አይተሃታል?» አሉ እታለማሁ።

«አይቻታለሁ።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም፣ እታለም። የምንመለስ መስሏት እጇን አውለበለበችልን።»

እታለማሁ ወደ ሳሚር ጠጋ አሉ።

«በየትኛው እጇ?»

«በግራዋ።»

«አዎ» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው እንባቸው የወረደው። «ግራኝ ነበረች።»

ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱና ፋና ፊት ቆሙ።