ከብቶቹን አርቁ

ጥንጓ አሁንም ወደ ግራ ሄደች።

ማረው ፊት ለፊቱ የተከለውን ችካል አነጣጥሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ ነበር የመታት። ከወይራ ጉጥ የተጠረበችው ኳስ ግን ችካሉን እንደ ባዳ በሩቁ አለፈችው፤ የታጨደውን የሩዝ ማሳ ሰንጥቃ ቃርሚያ ከሚግጡት ከብቶች መሀል ገባች። አንዲት ጥጃ ደንግጣ ጅራቷን ሰቅላ ፈረጠጠች።

«ከብቶቹን አርቁ! ማረው ሊመታ ነው!» አለች ትርሲት ከገለባው ክምር ላይ ሆና። የአጎቱ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያው፣ በምላስ ግን ታላቁ።

«አንቺም ጀመርሽኝ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? አገር የሚለውን ነው ያልኩት።»

እውነቷን ነው፤ አገር የሚለውን ነው። ሰው የሚስቅበት ሰው ካገኘ መቼ ይጠግባል? ነገሩ የተጀመረው አምና፣ በገና ዕለት፣ በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። የገና ጨዋታ ወገን የሚለየው በአቻ ነው። እኩያ ነን የሚሉ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ወደ ሁለቱ የወገን አባቶች ይቀርባሉ፤ አንደኛው አባት አንዱን ይመርጣል፣ የቀረው ለሌላው ይሆናል። አቻ የሌለው አይጫወትም። አምና ሁሉም ተቃቅፎ ሲያልቅ ማረው ዱላውን ይዞ ብቻውን ቀረ። ከአባቶቹ አንዱ የነበረው እሱባለው ከላይ እስከ ታች አየውና፣

«ይኼን ከማን ጋር ላጣምረው? ከበሬው ጋር?» አለ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሱባለው በዚህም አልበቃውም። «ዝም ብለህ ከምትቆም እዚያ ቦይ ውስጥ ግባና ጥንጓ ጭቃ ስትገባ ታወጣልናለህ» አለው። ማረውም ገባ። ለምን እንደገባ እስከ ዛሬ ለራሱም ሊመልስ አልቻለም። ወግ ቢሆን ከጭቃ ያወጣት ሰው ነው የሚመታት፤ ከእሱ እጅ ግን እየነጠቁ መቷት። ቀኑን ሙሉ እስከ ቅልጥሙ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ዋለ። ጭቃው ማታውኑ ታጠበ።

ከዚያ ወዲህ እጁ አላርፍ አለው። ክፍል ውስጥ በማስመሪያ ላጲስ ይመታል። ከወረታ ትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ በባጃጆቹ መሀል ጠጠር ይመታል፤ ሾፌሮቹ ይሰድቡታል። የሒሳብ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቁት ክንዱን እንዳነሣ ተነሥቶ ያውቃል። ሩዝ አጨዳው እንዳለቀ ዱላውን ከጣሪያ አወረደና በየቀኑ ሜዳ መውረድ ጀመረ። መምታቱን መታ። ግን ዛሬ ወደ ግራ፣ ነገም ወደ ግራ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳያስበው በቀጥታ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ።

በዚህ መሀል ሕዝቅኤል መጣ። እናቱ ለሥራ ሲዛወሩ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከማረው ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ ካየ በኋላ፣

«ጀለሴ፣ ይሄ ነገር ጎልፍ ነው እኮ!» አለ።

«ምንድን?»

ሕዝቅኤል ስልኩን አወጣ። ነጭ ሱሪ የለበሰ ሰውዬ፣ ማለቂያ በሌለው አረንጓዴ መስክ ላይ ቆሞ፣ በቀጭን ብረት አንዲት ነጭ ኳስ ይመታል።

«ያን ሁሉ ሣር አንድም ከብት አይግጠውም?» አለች ትርሲት።

«ከብት አይገባማ።»

«ታዲያ ሣሩ ምን ይሆናል?»

«በማሽን ይታጨዳል።»

«ታጭዶስ?»

«እኔ እንጃ። ይጣላል መሰለኝ።»

«ወይ ጉድ!» አለችና ስልኩን ትታ ወደ ከብቶቹ ዞረች፣ እነሱም የሰሙ ይመስል።

ሕዝቅኤል ግን ነገር ገብቶታል። ማረውን ሲመታ ቀረጸውና በዝግታ አጫወተው። ሦስቱም አንገታቸውን ሰብስበው አዩ። ዱላው ወደ ኋላ ሄደ፤ ወረደ፤ ጥንጓ ላይ ሲደርስ የማረው ክንድ ወደ ሆዱ ተሳበ።

ትርሲት ጮኸች። «እያጨድክ ነው እኮ!»

«ምን?»

«እያጨድክ ነው! እየው፣ እየው! ነዶ ጨብጠህ ማጭድ ስትስብ እንደዚሁ ነህ። አጠገብህ ሳጭድ ከርሜ የለ እንዴ?»

ማረው ደጋግሞ አየ። ልጅቱ አልዋሸችም። መስከረም አልፎ ጎርፉ ከሸሸ ጀምሮ ክንዱ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆርጦ ወደ ራስ መሳብ። የነጭ ሱሪው ሰውዬ ክንድ ግን ኳሷን ሸኝቶ ይሄዳል፤ ወደ ሆዱ የሚመልሰው ነገር የለም። ሰውዬው ሩዝ አጭዶ ስለማያውቅ ይሆናል።

ትርሲት ከክምሩ አንድ ነዶ ጎትታ ወረደችና በግራ ጎኑ አቆመችለት። «ከሳብክ ነዶውን ትመታለህ፤ ነዶውን ከመታህ ገለባውን አንተ ትለቅማለህ።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገለባ ሲለቅም ዋለ። ሲናደድ አጥብቆ ይመታል፤ አጥብቆ ሲመታ ይስባል። «ልትገድላት ነው እንዴ? ፍሬንድ፣ ቀስ!» ይለዋል ሕዝቅኤል። ቀስ ማለት ለማረው ከሁሉ የባሰ ሥራ ነበር። እግሩ ይቁነጠነጣል፤ ጥንጓን ከማስቀመጡ ዱላው ወደ ላይ ይነሣል። ቀስ በቀስ ግን ነዶው መቆም ጀመረ። እግሩን በአንድ ዓይነት ይተክላል፤ ዱላውን ከትከሻው አያሳልፍም፤ ጥንጓ ከሄደችም በኋላ ክንዱ ይከተላታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ችካሉን መታው። ደገመው። የገና ሳምንት ሲገባ መሳት ብርቅ ሆነ።

ትርሲት ችካሉ ዘንድ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ጫፉ ከጉልበቷ በታች፣ ቅልጥሟ ላይ ነው።

«ግቡ እኮ በሁለት ክምር መሀል ነው» አለች። «ችካል ምን ያደርግልሃል?»

«ለመለማመጃ ነው።»

«የማን ቅልጥም ነው?»

ማረው ጥንጓን አንሥቶ መልሶ ቦታዋ ላይ አስቀመጣት። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

አባቷ፣ አያ ክንዴ፣ ይኼን የሰሙት ከማሳው ድንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ የትም ሲቀመጡ እንደ ሞፈር ቀጥ አድርገው ይዘረጉታል። በወጣትነታቸው በገና ዕለት በጥንግ ተመተው የተሰበረ እግር ነው። ያን ክረምት ማሳቸው ሳይታረስ ጾሙን አደረ።

«ና እስቲ ማረው» አሉት። «የኔን እግር እንግዳው የሚባለው ጎረቤታችን ሲሰብረው ሽማግሌ ተቀመጠ። እንግዳው ‹ስቼ ነው› አለ። ሽማግሌውም ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ብሎ ተነሣ። እኔም አልተቆጣሁም። ይኸው እስከ ዛሬ አልተቆጣሁም።»

ይኼን ሲሉ የመንጋጋቸው ሥር ተገትሮ ነበር።

«ስቶስ ቢሆን?» አለ ማረው። «እርስዎ በምን አወቁ?»

«ስቶ የሚመታ ሰው ዓይኑ ከጥንጓ ጋር ነው። የእንግዳው ዓይን ገና ሳይመታ እግሬ ላይ ነበር። እኔና እሱ ብቻ እናውቃለን።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «አሁንማ እኔ ብቻ።»

እንግዳው አምና ነው የሞተው። አገር ሲቀብር አያ ክንዴ ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ዋሉ። ማረው ያን ቀን ያስታውሳል። በእንግዳው ደጅ የሚያልፈውን አቋራጭም አይረግጡትም፤ ያን የማይታጠፍ እግር እየጎተቱ በዙሪያው ጠመዝማዛ መንገድ ይሄዳሉ። አታድርግ አላሉትም። አድርግም አላሉትም። ተነሥተው በዙሪያው መንገድ ሄዱ።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ከከተማ የመጣው ስልኩን እንደያዘ፣ ልጁም ሽማግሌውም ዳር ዳሩን ያዘ። አባቶቹ ቆሙ፤ እሱባለው ዘንድሮም አባት ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ይንጎራደዳል። ወጣቶቹ መተቃቀፍ ጀመሩ። ማረው እንደ አምናው ዱላውን ይዞ ዳር ቆመ። ወዲያው አንድ ክንድ ትከሻው ላይ ወደቀ።

«እኔና አንተ አቻ ነን» አለ ሕዝቅኤል።

«አንተ መምታት አትችልም እኮ።»

«አንተስ ትችላለህ ብሎ የሚያምን አለ?»

ተቃቅፈው ቀረቡ። የመምረጡ ተራ የእሱባለው ነበር። ዱላ አያያዝ እንኳ የማያውቀውን ሕዝቅኤልን አየ፣ ማረውን አየ፤ «የከተማውን ስጡኝ! የኔ ከብቶች ደኅና ይዋሉ» አለ። ሜዳው እንደ አምናው ሳቀ። ማረው ወደ ሌላው ወገን ሄደ።

ጨዋታው ጦፈ። አቧራው ተነሣ፣ ዱላ ከዱላ ተጋጨ። ሕግ አንድ ነው፤ ከብቱ ወደ ቤት ከመነዳቱ በፊት ጥንጓን በሌላው ወገን ሁለት ክምሮች መሀል ያሳለፈ ያሸንፋል። ለማረው ጥንግ የሚሰጠው የለም። ፀሐይ ወደ ጣና በኩል ስታዘቀዝቅ ግን ከዱላ ጫካ ውስጥ አምልጣ የወጣችው ጥንግ ተንከባላ እግሩ ሥር መጥታ ቆመች። ከፊቱ ማንም የለም። ክምሮቹም ቅርብ ናቸው።

እሱባለው ሮጦ መሀላቸው ገባ። ማን እንደያዛት ሲያይ ግን ሩጫውን ወደ እርምጃ ለወጠው። ዱላውን መሬት ላይ ተከለ፤ እጆቹን ዘረጋ።

«ከብቶቹን አርቁ!» አለ።

«ከብቶቹን አርቁ!» አለ ሜዳው በአንድ ድምፅ።

ማረው እግሩን ተከለ። ግቡ የእሱባለው ቅልጥም ያለበት ቦታ ነው፤ የተራቆተ፣ ነጭ አቧራ የለበሰ፣ ልክ እንደ ችካሉ። ዓይኑን እዚያ ላይ አሳረፈ። በቀጥታ ከመታ ከሁለት አንድ ነው፤ አጥንቱ ይሰበራል፣ ወይ እሱባለው ዘሎ ጥንጓ ታልፋለች። ቢሰበርም የሚቆጣ የለም። ስቼ ነው ቢል ማን አያምነውም? የማረው ምት ነዋ!

እሱባለው ዓይኑን አየው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሊሸሽ ፈልጎ ነበር፤ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከማረው ምት እንዴት ይሽሽ? እጁን እንደዘረጋ፣ እግሩን እንደከፈተ ቀረ።

ድሮ ጥንጓ የሄደችበት የራሷ ጉዳይ ነበር። አሁን የምትሄድበት ሁሉ የማረው ነው። በዓይኑ ጠርዝ፣ ድንበሩ ላይ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ አንድ እግር ታየው።

ዱላውን አነሣ። ዱላው ወርዶ ጥንጓ ላይ ሲደርስ ክንዱን ወደ ሆዱ ሳበው። አጨደ።

ጥንጓ ወደ ግራ ተወርውራ በከብቶቹ እግር መሀል አለፈችና ቦዩ ውስጥ ጭልጥ አለች። ሜዳው በሳቅ ወደቀ። «ድሮስ!» ብሎ የማረው ወገን አባት ዱላውን መሬት ላይ ወረወረ። ትርሲት ክምሩ ላይ ሆና አልሳቀችም።

እሱባለውም አልሳቀም። ማንንም ሳያዝዝ ራሱ ወደ ቦዩ ወረደ። በጭቃው ውስጥ ዳስሶ ጥንጓን አወጣት። ሲመለስ በማረው አጠገብ አለፈና ቆመ። ቅልጥሙ ጭቃ ለብሷል።

«ሳትክ?» አለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ።

ማረው ቅልጥሙን አየው፤ ከዚያም ፊቱን።

«ሳትኩ።»

እሱባለው ጥንጓን ይዞ ሄደ። ከጭቃ ያወጣት ይመታታልና እሱ መታት፤ ወገኖቹ እየተቀባበሉ አሳለፏት። አሸነፉ። እንደ ወጉ የተሸናፊ ስድብ በዘፈን ተጀመረ፤ የመጀመሪያውም ስንኝ ስለ ማረውና ስለ ከብቶቹ ነበር። ሁሉም ተቀበለው። እሱባለው ብቻ ጥንጓን በሱሪው እየጠረገ አፉን ዘግቶ ቆሟል።

አያ ክንዴ ቆመው ነበር። መቼ እንደተነሡ ማረው አላየም። አጠገባቸው ሲደርስ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዓይንህን አይቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ማረው ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቀድሟቸው መራመድ ጀመረ። ዘፈኑ ከኋላቸው እየራቀ ሄደ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሱ፤ አንዱ ጠመዝማዛው የዙሪያ መንገድ፣ ሌላው በእንግዳው ደጅ የሚያልፈው አቋራጭ።

ማረው ሳይቆም፣ ዞሮም ሳያይ፣ በአቋራጩ ታጠፈ።

ከኋላው የአያ ክንዴ እርምጃ ቆመ። እሱ ግን መራመዱን አላቋረጠም። የእንግዳው አጥር ሲታየው አንድ የሚጎተት እግር በደረቁ ዋልካ አፈር ላይ ሲመጣ ሰማ። ያን ጊዜ እርምጃውን አዘገየ።