መጋዘኑ ላይ የተሳለው አሕመድ

ጂን፣ የሙት መንፈስ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነኛ፣ ለሁሉ ነገር ምክንያት አላጣም፣ እመኑኝ፣ አሰብ ላይ ያ ነገር ባይገጥመኝ ዛሬም እስቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ከጎንደር ተመድቤ አሰብ አስተምራለሁ። ከወደቡ ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የተዘጋ መጋዘን ነበር፣ ግድግዳው ላይ ጋሽ ይማም የሚባሉ ወሎዬ የወደብ ሠራተኛ ባሕር የበላውን ታናሽ ወንድማቸውን አሕመድን በከሰል ስለውት ነበር፣ ሬሳው ስላልተገኘ መቃብር የለውማ፣ ወዛደሩ ሥራ ሲገባ «አሰላሙ አለይኩም፣ አሕመድ» እያለው ነበር የሚያልፈው።

እኔን ደግሞ እጅ ጽሕፈትህ ያምራል ብለው ለአብዮት በዓል መፈክር ጻፍ አሉኝ። ጋሽ ይማም ግድግዳው ሥር ኖራ ስበጠብጥ አይተውኝ መጡ።

«መምህር፣ እባክዎ፣ ሌላ ግድግዳ የለም?»

«ትእዛዝ ነው ጋሽ ይማም፣ እኔ ምን ላድርግ?»

አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ውሸቴን ነበር። የት እንደምጽፍ ማንም አልነገረኝም፣ ጥላ ስላለው፣ የባለሥልጣን መኪናም ስለሚያልፍበት ይታይልኝ ብዬ ራሴ ነኝ የመረጥኩት።

ቀባሁት። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ተከቷል፣ የአሰብ ሙቀት እንደምታውቁት ኖራን ብሩሹ ሳይነሳ ነው የሚያደርቀው፣ ሁሉም ደረቀ፣ የአሕመድ አፍ የነበረበት ቦታ ብቻ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ደግሜ ቀባሁት፣ ያው ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብዬ መጋዘኑን ዞርኩት፣ ምንም የለም። በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው ጨው፣ የባሕር ውሃ! ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው የመሰለ፣ ጉርምርም የሚል፣ ብሩሼን ሳነሳ ዝም ይላል፣ ሳሳርፍ ይጀምራል።

ጋሽ ይማም ተመለሱ። ምን ይዘው መሰላችሁ? በዚህ ሙቀት ጥም እንዳይጎዳኝ ብለው ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ! እርጥቡን አዩት፣ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ፣ ብዙ ቆዩ።

«ምን አለ?» አልኳቸው፣ እኔው ፊዚክስ አስተማሪው።

«'ማን አዘዘህ?' እያለ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እርስዎን ይሆን?»

ጆጉን እግሬ ሥር አስቀምጠው ሄዱ፣ ውሃውን ሳልነካው ብሩሼን ጥዬ ከዚያ ጠፋሁ። መፈክሩን ሌላ ሰው ጻፈው፣ እሱ ምንም አልሰማሁም ብሏል።

ዝውውሬን ለምኜ አገኘሁ። ልሄድ ስል እውነቱን ልናዘዝ ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ፣ ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ለእኔ አይደለም መምህር። የጠየቀዎት እሱ ነው፣ ለእሱ ይንገሩት።»

መጋዘኑ እኮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስሄድ መንገዴ ላይ ነበር፣ ሹፌሩን አቁምልኝ ማለት ብቻ ነው። አላልኩም። አሕመድ ዝም ብሎ የሚሰማኝ ቢሆን ኖሮ እወርድ ነበር፣ የፈራሁት ይመልስልኛል ብዬ ነው።