የቀትር ጥላ

በአዲስ ቆላ ከተማ ዳሶቹ እንደ ወትሮው ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ዳስ የሚባለው ከሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ፣ በፀሐይ ኃይል ራሱን የሚነዳ ሰፊ ነጭ ሸራ ነው። አንዱ ሸራ አንድ ሰፈር ይጋርዳል። ያለ እሱ በቀትር ከቤት መውጣት አይቻልም፤ አስፋልቱ ራሱ ይቀልጣል።

ዘንድሮ ግን ታችኛው ሰፈር የቀትር ጥላ አጥቷል። የጥላ ክፍፍል ኃላፊው አቶ ዘርይሁን እጅ መንሻ እየተቀበለ ሸራዎቹን ጉብታው ላይ ወዳሉት ባለመዋኛ ቪላዎች ይልካቸዋል። ሕዝቡ አቤት ቢል ሰሚ አጣ። ስለዚህ ዛሬ በሰላም ሊሰለፍ ወጣ።

ትርንጎም ወጣች። ያስጨነቃት አጠገቧ የሚያዘግሙት አባቷ ነበሩ። ጋሽ ምትኩ ልባቸው ደካማ ነው፤ በቅርቡ ሙቀቱ ጥሏቸው በስንት መከራ ነው የተነሡት።

«አባባ፣ ይመለሱ እንጂ።»

«ቤት ብቀመጥም እበስላለሁ። ከሰው ጋር ብበስል ይሻለኛል።»

«ቀልዱን ይተዉት።»

«አንቺም ንዝንዙን ተዪው። ቁርጥ እናትሽን።»

ሰልፉ የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ሲደርስ ከላይ የነበረው ዳስ ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ። ማንም አልተደነቀም። ሰልፍ የሚበተነው እንዲህ ነው፤ ዱላም ጭስም አያስፈልግም፣ ጥላውን ማንሣት ይበቃል። ፀሐይዋ ወረደችባቸው። ጋሽ ምትኩ ሙቀቱ ከብዷቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ትርንጎ ነጠላዋን አውልቃ ከራሳቸው በላይ ወጠረችው። አንዲት ጎረምሳ የመሰለች ጉልበተኛ ሴት የራሷን አመጣችና ጫፍ ለጫፍ ቋጠረችው። ሌላዋም ቀጠለች፣ ወንዶቹም ኩታቸውን ጨመሩ። ብዙም ሳይቆይ አደባባዩ ላይ አንድ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ተዘረጋ። የሄደ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ያልታሰበው ሆነ። ዳሶቹ ሲሠሩ አንድ ጠባይ ተሰጥቷቸዋል፤ ነፋስ የጣለው ሸራ ካዩ ሥራቸውን ትተው ይሰበሰባሉ፣ የወደቀው እስኪነሣም አይለዩትም። ከሰማይ ሲታይ የነጠላው ዝርግ የወደቀ ዳስ መሰለ። የጉብታው ሸራ መጣ። የወንዝ ማዶውም መጣ። ሠራተኞቹ ከማዘጋጃ ቤቱ ሆነው ቢያዟቸው፣ ቢያዟቸው አልታዘዝ አሉ። አደባባዩ ቀዘቀዘ።

ጋሽ ምትኩ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ላይ አዩ። «እነዚህስ ዘመድ ያውቃሉ» አሉ።

የቀረው ከተማ ግን ተራቆተ። የጉብታው ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ወረዱ፤ ሰልፈኛው ተጠጋግቶ ቦታ ሰጣቸው። የማዘጋጃ ቤቱም መስታወት ጋለ። በመጨረሻ አቶ ዘርይሁን ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወጣና ትርንጎ አጠገብ ተጠለለ።

«ጨርቁን አውርዱ» አላት። «ዳሶቹ ወደየቦታቸው የሚመለሱት ያኔ ነው።»

«አባቴ ከሥሩ ናቸው። እርስዎም ከሥሩ ነዎት።»

ጉልበተኛዋ ሴት ጣልቃ ገባች። «እጃችን ዝሏል። የተጠለለ ሁሉ ይያዝ እንጂ። ጥላ በነፃ የለም የምትለን አንተው አይደለህ?»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ዘርይሁን ግራ ቀኙን አይቶ ጫፉን ያዘ። ሁለት እጁ ወደ ላይ እንደተወጠረ ትርንጎ ስለ ሰፈሯ ነገረችው፤ በሙቀት ስለወደቁት፣ ስላልተነሡትም። ጆሮውን የሚሸፍንበት እጅ አልነበረውም።

ትርንጎ ስትጨርስ አቶ ዘርይሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ቀና ብሎ ሠራተኞቹን «የቀትሩን ክፍፍል እንደ ድሮው እኩል አድርጉት» ሲል አዘዘ።

«የበላኸውስ?» አለችው ሴትዮዋ።

አቶ ዘርይሁን የጨርቁን ጫፍ ዝቅ አደረገ።

«እሱን ለዳኛ ትናገራለህ። ለአሁኑ አጥብቀህ ያዝ።»

ከላይ ዳሶቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተያይዘው ይጠብቁ ነበር። የማያስብ ሸራ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ወገኔ ብሎ ቆጥሮታል። አቶ ዘርይሁን አንገቱን ደፋ። ፈርቶ ይሁን አፍሮ ትርንጎ አላወቀችም። ጫፉን ግን አልለቀቀም።