ሁለቱ ነጫጭ ክቦች

አናጺው የሞተው፣ ዘመድ ሁሉ «ተረፈ» ብሎ እፎይ ካለ በኋላ ነበር። መርማሪዋ ሆስፒታሉ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። አንሶላው ፊቱን ሸፍኗል፤ መጋዝ ያቆሰለው እግሩ ግን በፋሻ እንደተጠቀለለ ይታያል። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከበረኪናው ሥር ደግሞ ማንም ስሙን ሊጠራው ያልፈለገ ሌላ ሽታ አለ።

ክሱን ያቀረበው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የመድኃኒት መደብር ባለቤቱ ነው። «ሲስተሯ ኪኒኑን እየሰረቀች ነው የገደለችው» ብሏል። ነርሷ በሩ ሥር ቆማ እጆቿን በጋውኗ ኪስ ደብቃለች። ነገሩ ከጸናባት መታሰሯ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ወሬ ሳይጣራ በእሷ በኩል አያልፍም፤ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴም ታሰለቻለች።

«ምንድን ነው የገደለው?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

«ከአጥንቱ ቁስል ወደ ደሙ የገባ ባክቴሪያ። መጀመሪያ ስንመረምረው የምንሰጠው ኪኒን ባክቴሪያውን በደንብ ይገድለው ነበር። ትናንት የመጣው ውጤት ግን ኪኒኑን ጭራሽ እንደማይፈራው ያሳያል። ተላምዶታል። ሌላ ሳንቀይርለት ቀደመን።»

«ከሌላ በሽተኛ የመጣ ቢሆንስ?»

«አይደለም፣ ያው ራሱ ነው። የቀረውንም ኪኒን አስፈትሸናል፤ እንከን የለውም።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰውየው ሞተ፤ የተላመደው ባክቴሪያ ግን እዚሁ አለ።»

«እርስዎ አወሳሰዱን ለማን ነገሩ?»

«ለወንድሙ ነዋ። ባለሙያ ስለሆነ ለሚስትየው እሱ ያስረዳት ብዬ።»

በጎረቤቱ አልጋ እግራቸው በጄሶ የታሰረ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝተዋል።

«አባቴ፣ ሲስተሯ ሰርቃለች ይባላል።»

«የማነው ወሬኛ! አፉን አስከፍታ፣ ምላሱን አስወጥታ ነው የምታየው። እኔንም እንደ ሕፃን ነው የምታደርገኝ። እሷ ስትወጣ ደግሞ የሚስትየው ተራ ነው። እንዲህ ያለች ሚስት ብትኖረኝ እስካሁን በሮጥኩ ነበር!» ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው አንሶላው ላይ አረፈና ሳቃቸው ጠፋ። «ወንድምየው ግን ያኔ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ይዞራል።»

«ይዋደዱ ነበር?»

«የአባታቸው ቤት ጉዳይ እስኪነሳ ድረስ። አናጺው የሚሠራው እዚያ ነው፤ ታናሽየው ይሸጥ ይላል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ኮመዲኖ አየች። የብርጭቆ ቂጥ የተወው ነጭ ክብ ደርቆበታል። በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሸተተችው። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ደፉ ላይም ልክ እንዲያው ያለ ክብ አገኘች።

ከዚያ ወደ ወንድምየው መደብር ጎራ አለች። አንዲት አሮጊት ማዘዣ ዘርግተው ነበር። «በውሃ ብቻ ይዋጡት፣ እሺ እማማ?» አላቸው በትሕትና። «ሌላ ምንም አያስከትሉበት።»

«ያንኑ የወንድምህን ኪኒን ነው የሰጠሃቸው?» አለች መርማሪዋ።

«ያንኑ ነው» አለ፣ ሳያስበው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አልጋው ዙሪያ ቆሙ። አስከሬኑ ተወስዷል፤ ፍራሹ ተገልጧል።

«ሲስተሯ ኪኒኑን ብትሰርቅ ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን አያውቀውም ነበር፤ ያልቀመሱትን አይላመዱም። በትናንቱም ምርመራ ኪኒኑ ባክቴሪያውን ይገድለው ነበር። በሚገባ ደርሶት ቢሆን ደግሞ ባክቴሪያው ገና ድሮ ይሞት ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ ደርሶታል፤ ግን ተዳክሞ፣ ለማለማመድ ብቻ የሚበቃ ያህል። ኪኒኑ ደህና ነው፤ መዋጡም ታይቷል። ታዲያ የተዳከመው ከተዋጠ በኋላ ነው። እህቴ፣ ሲስተሯ ስትወጣ ምን ትሰጪው ነበር?»

ሚስትየው ግራ ገባት። «ወተት ነዋ። ኪኒን ጨጓራ ይልጣል፤ ወተት እንኳን ይሄን፣ መርዝ ያረክስ የለ?»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ። «ወተት ይሄን መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ለወንድሙ ነግሬው ነበር!»

«እኔም ባለሙያ አላቸው ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ» አለች ነርሷ፣ እንባዋ እየወረደ።

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ለማታውቃት አሮጊት ‹በውሃ ብቻ› አልክ። ለወንድምህ ለምን አላልክም?»

«ወተት መስጠቷን አላየሁም!»

«መስኮቱ ደፍ ላይ ያለው ክብ የማን ብርጭቆ ነው?»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደገፈ። «እንዲሞት አልፈለግሁም! ቁስሉ ትንሽ ቢቆይበት፣ ሥራው ቢቆም፣ ቤቱን እንሽጥ ስለው እሺ ይለኛል ብዬ ነው። ምን አደረግሁ? ዝም ነው ያልኩት፤ ዝም ብቻ!»

 ሹፌሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሚስትየው የወተቱን ፔርሙዝ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሱ ቀረበች።

«ዝም አላልክም» አለችው። «ለእሱ ስቀዳ ለአንተም እቀዳልህ ነበር። በየቀኑ ተቀብለህ ‹እጅሽ ይባረክ› ትለኝ ነበር።»